ከውርጭ የተለቀመ 70 ሚሊቮልት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጃኬቱን ያወልቃል። ማንም አያዘውም። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ሲጀምር መስኮት ይከፈታል፣ ጋቢ ይታጠፋል፣ ረዳቱ ሹራቡን ወገቡ ላይ ያስራል። መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1850 አካባቢ። አየር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀዘቅዛል። ስታሰላው በሁለቱ ከተሞች መካከል አራት ዲግሪ ከትንሽ የሚሆን ልዩነት ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

«ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል» ያለው የእህቴ ልጅ ነው። አሥረኛ ክፍል ነው፤ ደሴ የሚማረው እኔ ቤት ሆኖ ነው። የዚያን ቀን ኮምቦልቻ የአንድ ሰው ፍሪጅ ልንጠግን አብረን እየወረድን ነበር። ጃኬቱን እያወለቀ ድንገት ቆም አለና «አጎቴ፣ ላይ ብርድ አለ። ታች ሙቀት አለ። ከመሃል መብራት አይወጣም?» አለኝ።

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። የጥያቄው መልስ ሱቄ መሳቢያ ውስጥ፣ ከብሎን ጋር ተቀላቅሎ ተኝቶ ነበር።

ሥራዬ ጥገና ነው። ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ዲስፔንሰር። ዲስፔንሰር ስል ያቺን ትኩስና ቀዝቃዛ ውሃ የምትቀዳዋን ማለቴ ነው። ርካሾቹ ኮምፕሬሰር የላቸውም። በሱ ፋንታ ውስጣቸው አንዲት ነጭ፣ አራት ማዕዘን፣ ብስኩት የምታህል ነገር አለች። ከጎኗ ሁለት ሽቦ ይወጣል፣ ቀይና ጥቁር። ፔልቲየር እንላታለን። ኤሌክትሪክ ስትሰጣት አንዱ ገጿ ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ይግላል። ደሴ ላይ ይህች ነገር ብትቃጠል ባለቤቱ ሳያውቅ ዓመት ያልፋል። በደሴ ብርድ ቀዝቃዛ ውሃ የሚቀዳ ማን አለ? በማግሥቱ ደውለው የሚጮኹት የኮምቦልቻና የባቲ ደንበኞች ናቸው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ግን ይህች ብስኩት ወደ ኋላም ትሠራለች። አንዱን ገጿን አሙቀህ ሌላውን ካቀዘቀዝክ፣ በሁለቱ ሽቦ ኤሌክትሪክ ይወጣል። አንዲቷን ሰብሬ ለልጁ አሳየሁት። በሁለት ስስ የሸክላ ገጾች መካከል ጥቃቅን ጥርስ የመሰሉ ኩቦች ተደርድረዋል። 127 ጥንድ ናቸው። የተሠሩት ቢስመዝና ቴሉሪየም ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች ውህድ ነው። ሙቀት ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ሲሄድ በጥርሶቹ ውስጥ ያሉትን ኤሌክትሮኖች እየገፋ ይሄዳል። የአንዷ ጥርስ ግፊት ከምንም አይቆጠርም። 127ቱ ጥንድ ተቀጣጥለው ሲገፉ ግን ቴስተር ላይ የሚታይ ቮልት ይሆናል። በእኔ ልኬት በአንድ ዲግሪ ልዩነት 50 ሚሊቮልት ገደማ ትሰጣለች፤ ሚሊቮልት የቮልት አንድ ሺኛ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1821 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቶማስ ሴቤክ የተባለ ተመራማሪ ሁለት የተለያዩ ብረቶችን በቀለበት መልክ አገጣጥሞ አንዱን መጋጠሚያ ሲያሞቅ፣ አጠገቡ የነበረች የኮምፓስ መርፌ ዞረች። እሱ ሙቀቱ ማግኔት የፈጠረ መሰለው። በብረቱ ውስጥ የሚሄደው ኤሌክትሪክ መሆኑን ያረሙት ሌሎች ናቸው። በ1834 ደግሞ ዣን ፔልቲየር የሚባል ፈረንሳዊ ተገላቢጦሹን አገኘ። ፔልቲየር መጀመሪያ ሙያው ሰዓት ሠሪ ነበር። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። የእኛ ወገን ነው።

የዚያኑ ዕለት ማታ ሱቁን ዘግተን ሞከርነው። ከታች በረዶ፣ ከላይ የፈላ ውሃ የሞላበት የብረት ኩባያ፣ መሃል ላይ ብስኩቷ። ቴስተሩ 2 ነጥብ 4 ቮልት አነበበ። ኤልኢዲ የምትባል አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት አገናኘን። በራች። ልጁ ጮኸ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ መቅረጽ ጀመረ። ቪዲዮው አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ መብራቷ ደብዘዝ ደብዘዝ እያለች ጠፋች። ኩባያው ገና ትኩስ ነው፤ ጣት ያቃጥላል። «ተበላሸች?» አለኝ። አልተበላሸችም። በረዶው ቀልጦ ውሃው ሞቅ ብሏል። ሙቀቱ አለ። ልዩነቱ ነው ያለቀው።

እኔ ራሴ ይህ ነገር ዘግይቶ ነው የገባኝ። ሙቀት ብቻውን ምንም አያንቀሳቅስም። አገራችን ወንዝ ዳር ያለውን የውሃ ወፍጮ አስቡት። ውሃው ብዙ ስለሆነ አይደለም ድንጋዩ የሚዞረው፤ ከላይ ወደ ታች ስለሚወድቅ ነው። ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለውን ያን የሚያህል ሐይቅ ተመልከቱ፣ ውሃው ሜዳ ላይ ስለተኛ አንዲት ወፍጮ አያዞርም። ሳዲ ካርኖ የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ መሐንዲስ በ1824 ሙቀትን ያመሳሰለው ከዚሁ ከሚወድቅ ውሃ ጋር ነው። ከዚያ የመጣው ሒሳብ እስከ ዛሬ አልተሻረም። የሁለቱን ሙቀት ልዩነት ወስደህ ለሞቃቱ ታካፍላለህ። ሞቃቱ ግን የሚቆጠረው ከበረዶ ነጥብ ሳይሆን ከእሱ 273 ዲግሪ በታች ካለው ከመጨረሻው ብርድ ጀምሮ ነው።

የሐረጎን እንሥራ። ኮምቦልቻን 22 ዲግሪ ብንላት፣ 273 ሲደመርበት 295 ነው። አራት ነጥብ ሁለትን ለ295 ስናካፍል 1 ነጥብ 4 በመቶ ገደማ ይመጣል። ይኸውም የትኛውም ማሽን፣ ማንም ይሥራው፣ ከሚያልፍበት ሙቀት ከዚህ በላይ ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ አይችልም። ከዚህ ውስጥ ያችን ሙቀት በ25 ኪሎ ሜትር ቧንቧ የሚገፋው ፓምፕ የሚበላውን ቀንሱ። ልጁ ቀነሰ። ተከዘ። አጎት መሆን አንዳንዴ እንዲህ ነው።

ይህን የፓምፕ ጣጣ ባሕር ላይ የቀመሱት አሉ። ጆርጅ ክሎድ የሚባል ፈረንሳዊ በ1930 ኩባ ውስጥ ማታንሳስ በተባለ ቦታ፣ ከላይ በፀሐይ የሞቀውን የባሕር ውሃና ከጥልቁ በቧንቧ የሳበውን ቀዝቃዛ ውሃ ተጠቅሞ 22 ኪሎ ዋት አመንጭቷል። ፓምፖቹ ግን ከዚያ በላይ በሉ። በ2015 ሃዋይ ላይ በዚሁ ዘዴ የሚሠራ 100 ኪሎ ዋት ማመንጫ ተከፍቷል። የላይኛው ባሕር 25 ዲግሪ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው 5 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 20 ነው። ከሐረጎ ከአራት እጥፍ በላይ ነው፤ ያም ሆኖ ከሰባት በመቶ አይዘልም።

ልዩነቱ ትልቅ ሲሆን ወሬው ይለወጣል። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ ሚሌ እያላችሁ ብትወርዱ አፋር ነው፤ ተንዳሆ ላይ ከመሬት በታች ያለውን እንፋሎት ለማግኘት ጉድጓድ የተቆፈረው ገና በ1990ዎቹ ነው። አሉቶ ላንጋኖ ላይ ደግሞ በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ላይ 7 ነጥብ 3 ሜጋ ዋት የሚሰጥ ጣቢያ ተተከለ። ጣሊያኖች ላርዴሬሎ በምትባል ቦታ በ1904 በምድር እንፋሎት አምስት አምፖል አብርተው ነበር የጀመሩት። አምስት አምፖል! እኔ አንዲት ቀይ ኤልኢዲ አበራሁ ብዬ ብኩራራ አትፍረዱብኝ።

ኅዳር ላይ ልጁን ይዤ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ቤቷ ከደሴ ወደ ወረኢሉ በሚወስደው መንገድ፣ ጉጉፍቱ አካባቢ ነው። ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ውሃ እዚያ ገና 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ባቄላ እስኪበስል ሰው ያረጃል። ሌሊቱን በባና ተጠቅልለህ ነው የምትተኛው። የሚነደው ኩበት ነው። እማ እንዳየችን «ደግሞ ምን ተሸክማችሁ መጣችሁ?» አለች። ቦርሳዬ ውስጥ አራት ብስኩት፣ ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ክንፋም አሉሚኒየም፣ ቴስተርና አንድ ጥቅል ሽቦ ነበር። ስኳርም ይዤ ነበር። ስኳሩን ተቀበለች።

የመጀመሪያው ሐሳቤ ምድጃው ነበር። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሬዲዮው ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጣው ነበር። ሞቅ ሲል ትንሽ ነፍስ ይዘራል፣ ያቺን ዜና ያሰማዋል፣ መልሶ ይሞታል። በ1950ዎቹ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ በላምባ ፋኖስ አናት ላይ የሚገጠም፣ ዙሪያውን ክንፍ ያለው ማመንጫ ይሠራ እንደነበር ሳነብ ትዝ ያለኝ አባቴ ነው። ፋኖሱ ቤቱን ያበራል፣ የፋኖሱ ሙቀት ደግሞ ሬዲዮውን ያናግራል። ለእኛ ቤት የተፈጠረ ዕቃ ነበር። መንገዱን ስቶ ሌላ አገር ቀረ።

ከምድጃው ጠርዝ ላይ ጠፍጣፋ ብረት አስቀመጥኩ። በላዩ ብስኩቷን፣ በብስኩቷ ላይ ክንፋሙን አሉሚኒየም። መጀመሪያ ሁለት ቮልት ተኩል አለ። ኤልኢዲዋ በራች። እማ «እሰይ» አለች። ከዚያ እንደ ሱቁ ነው የሆነው፤ ክንፉ ራሱ ሞቀና አንድ ቮልት ላይ ወረደ። ጨለማ። ቀዝቃዛውን ጎን ቀዝቃዛ አድርጎ ማቆየት ነው ሥራው ሁሉ። ምድጃ ማንም ያነዳል።

ልጁ መላ አመጣ። ክንፉን አንስቶ በምትኩ ውሃ የሞላበት የቲማቲም ቆርቆሮ አስቀመጠ። ውሃ ለመሞቅ ገገማ ነው፣ ቶሎ እጅ አይሰጥም። መብራቷ ሩብ ሰዓት ቆየች። ውሃው ሲሞቅ እማ ለእግሯ ቀዳችው፣ ልጁ ሌላ ከእንስራ ሞላ። በዚህ ዘዴ ሁለት ብስኩት አቀጣጥለን ነጭ ኤልኢዲ አበራን። ማንበብ ባይቻልም፣ ቆሎ ውስጥ ጠጠር ለመልቀም ይበቃ ነበር። ከሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። መብራትና የእግር ውሃ፣ በአንድ እሳት።

ሙከራውን ያበላሸሁት ራሴ ነኝ። ጎረቤት ቡና ሊጠጡ መጡ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ወሬው ደራ፣ ቆርቆሮው ደረቀ። እነዚህ የዲስፔንሰር ብስኩቶች ውስጣቸው የተበየደው በ138 ዲግሪ በሚቀልጥ ብየዳ ነው። ሽታው ሲመጣ ነው ያስታወስኩት። ሁለቱም ሞቱ። ጎረቤታችን ሽማግሌው በሐዘን ራሳቸውን ነቅንቀው «አብሽር፣ ልጄ፣ ዕቃ ነው» አሉኝ። ከዚያ ኪሳቸው ገብተው ስልካቸውን አወጡ። «ይህን ግን ይሞላልኝ ነበር እንዴ?» አይሞላሎትም አልኳቸው። እሳቸው ጣሪያ ላይ ትንሽ ሶላር አላቸው። በመንደሩ ስንዞር ሦስት ቤት ላይ አይተናል። እውነቱን ልናገር፤ መብራት የፈለገ ሰው ሶላር ይግዛ። አንድ ካሬ ሜትር ሶላር በጠራ ቀን ቀትር ላይ ከ150 እስከ 200 ዋት ይሰጣል። የእኔ ጉድ ቆርቆሮ ሙሉ ውሃና አንድ ኩበት በልቶ ዋት አይሞላም።

የቀሩኝ ሁለት ብስኩቶች ናቸው። በቦርከና ሸለቆ ያለውን ፍል ውሃ አስቤ ነበር፤ ትኩሱ ውሃም ቀዝቃዛው ወንዝም ጎን ለጎን ስለሚፈሱ ሁለቱም ገጽ አይደክምም። ይህ ትክክለኛ ሐሳብ ነው፣ አንድ ቀን እሄዳለሁ። የዚያን ሰሞን ግን እናቴ አንድ ነገር ተናገረችና ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄደ።

ጀንበር ስትጠልቅ በሩ ላይ ቆማ ሰማዩን አየች። ንፋስ የለም። ዳመና የለም። «ዛሬ ውርጭ ይወርዳል። ጎመኑን ገለባ አልብሱልኝ» አለች። ስልኬ ላይ ያለው የአየር ትንበያ ለሌሊቱ ሦስት ዲግሪ ይላል። ሦስት ዲግሪ ላይ ውሃ አይረጋም። «እማ፣ ዜሮ እኮ አይደርስም» አልኳት። «አየሩ አይደርስ ይሆናል፣ ሣሩ ይደርሳል» አለችኝ። እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረችው።

ልክ ናት። ሌሊት ሣርም ድንጋይም ቆርቆሮም ሙቀታቸውን በማይታይ ጨረር ወደ ላይ ይለቃሉ። ዳመና ካለ ጨረሩን ይዞ አብዛኛውን ይመልሰዋል፤ ባና ነው። ሰማዩ ሲጠራ ግን ከጨረሩ የተወሰነው አየሩን አልፎ ይሄዳል፤ እስከ ውጭው ጠፈር ድረስ። ጠፈሩ ከመጨረሻው ብርድ ሦስት ዲግሪ እንኳ አይርቅም። ደጋው ላይ አየሩ ሳሳ ያለና ደረቅ ስለሆነ መንገዱ ይበልጥ ክፍት ነው። ስለዚህ ሣሩ ከከበበው አየር በታች ይቀዘቅዛል። እማ ሌላም ጨመረችልኝ፤ «ዛፍ ሥር ያለውን ባቄላ ውርጭ አይመታውም።» ዛፉ ብርድ ስለሚከላከል መስሎኝ ኖሬያለሁ። ሰማዩን ስለሚጋርድበት ነው።

በ2019 አሜሪካ ውስጥ አስዋት ራማን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ይህንኑ ተጠቅመው ነበር። ጥቁር የተቀባ የአሉሚኒየም ሳህን ወደ ሌሊት ሰማይ አዞሩ። ከሥሩ እንደ እኔዋ ያለች ብስኩት አደረጉ። ሳህኑ ከአየሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቀዘቀዘ፣ ብስኩቷ ኤሌክትሪክ ሰጠች፣ አንዲት ኤልኢዲ በጨለማ በራች። ያገኙት በካሬ ሜትር 25 ሚሊ ዋት ነው። ከሶላሩ ጋር ብታስተያዩት እስከ ስምንት ሺህ እጥፍ ያንሳል። ግን የሚሠራው ሌሊት ነው፣ እሳትም አይፈልግም።

ልጁን አየሁት። እሱም አየኝ። የድስት ክዳን ያስፈልገን ነበር።

የእማን ትልቁን የአሉሚኒየም ክዳን አነሳን። ጥላሸት በዘይት ለውሰን ቀባነው። ከቴሌቪዥን ካርቶን የተረፈ ነጭ ፎም ደሴ ነበር፣ እዚህ የለም፤ በምትኩ ቅርጫት ውስጥ ገለባ ጠቅጥቀን ክዳኑን ወደ ላይ አስተኛነው። ከሥሩ ብስኩቷ፣ ከብስኩቷ ሥር ክንፉ፣ ክንፉ ከቅርጫቱ ወጥቶ አየር ይነካል። ንፋስ እንዳይጫወትበት ከላይ በነጭ ስስ ፌስታል ወጠርነው። ፌስታል ለዚህ ሥራ ከመስታወት ይሻላል፤ ያ የማይታየው ጨረር መስታወት ውስጥ አያልፍም፣ በስስ ፌስታል ግን አብዛኛው ያልፋል። ቅርጫቱን ጓሮ ያለው የድንጋይ አጥር ላይ ሰቀልነው። ሽቦውን በበሩ ሥር አስገብተን ቴስተሩን ምድጃው አጠገብ አስቀመጥነው።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ 38 ሚሊቮልት።

አራት ሰዓት ላይ 55። ልጁ ደብተር አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። አምስት ሰዓት ላይ ድንገት 20 ገባ። ሽቦ የተላቀቀ መስሎኝ ወጣሁ። አልተላቀቀም። ቀና ስል ከምሥራቅ የመጣ ዳመና ጓሯችን አናት ላይ ቆሟል። ዳመናው ሲያልፍ ቁጥሩ ተመልሶ ወጣ። እንደገና ሲመጣ ወረደ። ቤት ውስጥ፣ እሳት ዳር ተቀምጬ፣ ጣሪያ ሳልከፍት ዳመና እቆጥር ነበር! እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በሃያ ዓመት የጥገና ሥራዬ እንደዚያ ሌሊት የተደሰትኩበት ጊዜ የለም።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ 70 ደረሰ። ከዚያ በላይ አልሄደም። 70 ሚሊቮልት ማለት ልዩነቱ አንድ ዲግሪ ከግማሽ አይሞላም ማለት ነው። ልጁ እንቅልፉን ትቶ ሒሳብ ገባ። የብስኩቷ የውስጥ ተቃውሞ ሁለት ኦም ገደማ ነው፤ ከዚህ ሊወጣ የሚችለው ከፍተኛው ኃይል 0 ነጥብ 6 ሚሊ ዋት ሆነ። የአንድ ስልክ ባትሪ ወደ 15 ዋት ሰዓት ይይዛል። 25 ሺህ ሰዓት። ሌሊቱን 10 ሰዓት ብንለው 2500 ሌሊት። «ወደ ሰባት ዓመት ነው፣ አጎቴ» አለኝ። «ያውም በየሌሊቱ ሰማዩ ከጠራ።» ለጎረቤታችን ሽማግሌ እንዲነግራቸው ነገርኩት። እኔ ሼም ይዞኛል።

ከጠፈር ጋር በዚህ መንገድ የሚነጋገር ሌላ ዕቃ እንዳለ ግን ልጁን ሳልነግረው አልተኛሁም። ቮዬጀር የተባሉት ሁለት መንኮራኩሮች በ1977 ተላኩ። ፀሐይ ርቃቸዋለች፣ ሶላር አይሆናቸውም። ውስጣቸው በራሱ የሚግል ፕሉቶኒየም አለ፤ በዙሪያው እንደ እኛዋ ብስኩት ያሉ ጥንዶች፤ ከውጭ ደግሞ ሙቀቱን ወደ ጨለማው የሚለቁ ክንፎች። ሲነሱ እያንዳንዳቸው 470 ዋት ገደማ ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አራት ዋት ገደማ እየቀነሰ ነው የኖሩት። ቀዝቃዛ ጎናቸው የሚያየው ሰማይ የእማን ክዳን የሚያየው ሰማይ ነው። ልጁ ዝም አለ። ተኝቶ ነበር መሰለኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እማ ስትቀሰቅሰኝ ቴስተሩ 4 ይላል። አራት ብቻ። ሰማዩ ተበላሽቷል ብዬ ወጣሁ። ኮከቡ ይንቦገቦጋል፣ አንድ ዳመና የለም። ሣሩ ነጭ ሆኗል፤ ስትረግጠው ኩርሽም ኩርሽም ይላል። ቅርጫቱ ዘንድ ሄጄ ባትሪ ሳበራበት ገባኝ። ፌስታሉ ላይ ውርጭ ወርዶበታል። ነጭ ሽፋን ሠርቶ የክዳኑን ዓይን ጋርዶታል፤ በረዶ ደግሞ ያን ጨረር አያሳልፍም። ውርጭ እየጠበቀ ያደረው መሣሪያ፣ ውርጩ ራሱ ሲመጣ ታወረ።

የሰቀልኩት ቴርሞሜትር በራሴ ቁመት ላይ ሁለት ዲግሪ ያነባል። መሬት ላይ ያለው ሣር ግን በረዶ ነው። እማ ገለባውን ገለጥ አድርጋ ጎመኗን አየች። አረንጓዴ ነው። ምንም አላለችም። ያን ዝምታዋን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ልጁ ደሴ እንደተመለስን ሌላ ዕቅድ አወጣ። ብስኩቷ መብራት ካልሆነች ደወል ትሁን ይላል። ከ20 ሚሊቮልት ጀምሮ አንስተው ከፍ የሚያደርጉ ትንንሽ ሰርኪዩቶች አሉ። ከእነሱ በአንዱ ሌሊቱን ጥቂት በጥቂት አጠራቅማ፣ ሰማዩ ጠርቶ ቁጥሩ ከ50 በላይ ለሁለት ሰዓት ከቆየ አንድ ጊዜ ጢጥ ትላለች። ባትሪ አትፈልግም፤ የምትለካው ነገር ራሱ ነው የሚያሠራት። ለፌስታሉ ውርጭ ምን እንደምናደርግ ገና አልተስማማንም። እኔ ዘይት እንቀባው እላለሁ። እሱ ውርጩ ከመውረዱ በፊት ከጮኸች ብትታወርስ ምን ቸገረን ይላል። እሱ ሳይሻል አይቀርም።

እማ ባለፈው ቅዳሜ ደወለች። ስለ ጎመኑ አይደለም። ክዳኑን ሦስት ጊዜ በአመድ ፈትጋው ጥቁሩ እንቢ ብሏታል፣ ሽሮው ጥላሸት ጥላሸት ይላል። «ስትመጣ አዲስ ክዳን ይዘህ ና። ከዚያ ያንን ለሰማይህ ውሰደው» አለችኝ። ቁጥር 28 ነው። ሰኞ ገበያ ጠይቄያለሁ፣ ያለ ድስቱ ክዳን ብቻውን የሚሸጥ አላገኘሁም።